መብረቅ የዋጣት ፊደል

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ እንደሆነ ሄዷል፤ ዝናቡም ገና አላባራም፤ በዚህ ነጎድጓድ ደግሞ እንቅልፍ የሚወስደው ድንጋይ ብቻ ነው። ኩራዙን አጥፉት። አጥፉት አልኩ! የመንፈስ ወሬ በብርሃን አይወራም፤ ያፍራል።

እንግዲህ እኔ «ተቀበሉ!» ስል እናንተ «ተቀብለናል!» ትላላችሁ። ካልመለሳችሁልኝ አልቀጥልም። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ተቀበሉ!

ጎሽ። አንተ ውብሸት ግን አፍህን ብቻ ነው ያንቀሳቀስከው፤ በጨለማም ቢሆን አውቅሃለሁ። ያቺን የተደገፍካትን ማሰሮም እንዳትሰብርብኝ፤ የጥንት ዕቃ ናት።

ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ያደረገበት ነው። ወሩ ነሐሴ። መንገዱ ደግሞ መንገድ ከማለት የፍየል ዱካ ማለት ይቀላል። ከወፍጮ ቤቱ ይነሣና፣ የመቃብሩን ሥፍራ ታክኮ፣ ኮረብታው አናት ላይ ብቻዋን ወደቆመች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ይወጣል። ግራው ቁልቋል፣ ቀኙ ቁልቋል። ሰው የለም። ውሻ የለም። በዚያ መንገድ ጅብ እንኳ ሲያልፍ ጓደኛ ይዞ ነው ይባላል። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ አንዳችሁ «የአክስቴ አገር እኮ ነው!» ትሉና ወሬዬን ታበላሹብኛላችሁ።

በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል። ጀርባው ላይ የመኪና ባትሪ በገመድ አዝሏል። መኪና አለው? የለውም። በቅሎ አለው? እሷም የለችውም። ታዲያ ባትሪው ምን ይሠራለታል?

ሰውዬው ሃምሳ አለቃ ይመኑ ይባላል። ስሙ ይመኑ ይሁን እንጂ እሱ ምንም አያምንም። በቡዳ አያምንም። በዛር አያምንም። «ያላየሁትን አላምንም» ይላል። ይበል እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ከማያያቸው ሰዎች ጋር ነበር! በጦር ሠራዊት መገናኛ ክፍል ሬዲዮ ሲነካካ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ላም ይገዛል። እሱ አሮጌ ሬዲዮ ይዞ መጣ። የሚሰሙበት ብቻ አይደለም፤ የሚናገሩበትም ነው። አማተር ሬዲዮ ይሉታል። ሥራ አይደለም፣ ደመወዝ የለውም፤ ከማያውቁት ሰው ጋር በአየር ላይ «እንደምን ዋላችሁ? በእናንተ በኩልስ ዘነበ ወይ?» መባባል ነው። ባትሪውን ወፍጮ ቤቱ ሞተር ላይ አስሞልቶ፣ አዝሎ፣ እያለከለከ ወደ ቤቱ ይወጣል። ለዚች ሰላምታ ብሎ!

ከቤቱ ጀርባ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች አቁሞ አንቴና ዘርግቷል። አንደኛው የሩቁን ይሰማል፣ ሌላው የቅርቡን። የሁለቱም ሽቦ ቤት ይገባና አንዲት የብረት ሳጥን ላይ ይገናኛል። ሳጥኗ እጀታ አለቻት። ወደ ግራ ሲያዞሯት የሩቁ አንቴና ይሠራል፤ ወደ ቀኝ ሲያዞሯት የቅርቡ። መሃል ላይ ሲያቆሟት ደግሞ ሁለቱም አንቴናዎች ከሬዲዮኑ ይላቀቁና ከመሬት ጋር ይያያዛሉ፤ መብረቅ ቢመጣ ሬዲዮኑን ትቶ አፈር እንዲገባ። በዞረች ቁጥር «ቋ!» ትላለች። ሚስቱ ወይዘሮ አንጓች ስሟን «ቋ» ብላ አወጣችላት። ሌላዋ ሴት ማታ ማታ «በሩን ዘግተሃል?» እንደምትለው፣ አንጓችም «ቋን መሃል አድርገሃታል?» ትላለች።

ይህን ሁሉ ጥበብ ያስተማረው የልብ ጓደኛው አሥር አለቃ ጥላዬ ነው። ጥላዬ ግን ሞቷል። አትደንግጡ፣ ገና መጀመሪያችን ነው። በሐምሌ፣ ወዲያ ማዶ ባለው ቤቱ ሬዲዮኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። የሬዲዮ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ «ተቀበል» ይላል። ወዲያ ያለው «ተቀብያለሁ» ካላለው ደግሞ ቀጣዩን ቃል አይናገርም፤ ደንብ ነው። ጥላዬም ማይክራፎኑን ጨብጦ «ተቀበል» ሲል መብረቅ ተቀበለው።

የቀብሩ ዕለት ዶፍ ወረደ። ቀባሪው ተበተነ። ይመኑም ጓደኛውን አፈር አልብሶ ሳይጨርስ ጋቢውን ተከናንቦ ሮጠ። ይችን ያዙልኝ፤ ትፈለጋለች።

ተቀበሉ!

አሁን ደግሞ የይመኑን ጉድ ስሙ። ጥላዬ በሕይወት ሳለ አጥብቆ መክሮት ነበር። «ከሳጥኗ የሚወጣውን ሽቦ ከመዳብ ዘንግ ጋር እሰርና ዘንጉን ከነቁመቱ አፈር አልብሰው» ብሎት ነበር። ይመኑ ቆፈረ። አለት! ፈቀቅ ብሎ ቆፈረ። አሁንም አለት! በዚያ ኮረብታ ላይ እውነተኛ አፈር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአንጓች የጎመን መደብ። ዕቃ የታጠበበት ውኃ ሁሉ የሚፈሰው ወደዚያ ነው፤ በበጋ እንኳ አይደርቅም። ወደዚያ ዶማውን ይዞ ዞር ሲል አንጓች በር ላይ ቆማ ነበር።

«ጎመኔን የነካ እጁ ይቆረጥ!» አለች።

ይመኑ ጦር ሜዳ ውሎ ያደረ ሰው ነው። አንጓችን ግን ይፈራል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ትልቅ ማሰሮ አመጣ። ማሰሮው ውስጥ አፈር ሞላ። ዘንጉን አፈሩ ላይ ሰካው። ማሰሮውን ቤት ውስጥ፣ ሳጥኗ ሥር አኖረው። «ይኸው፣ አፈር ለበሰ!» ብሎ እጁን አራገፈ።

መብረቅ በማሰሮ! ጎርፍን በጣሳ እንደማለት ነው። አንጓች በበኩሏ አፈር ተሰናድቶ አይባክን ብላ ጤና አዳም ተከለችበት። በርጩማዋንም ጎኑ አስጠግታ ጥጥ ትፈትል ጀመር። ጥላዬ ያቺን ማሰሮ ሳያያት ሞተ። ከሞተ በኋላ ግን አያት።

መጀመሪያ ያስቸገረችው ቋ ናት። ይመኑ አንድ ምሽት እጀታዋን ወደ ግራ ትቷት ለሽንት ወጣ። ሲመለስ መሃል ላይ ቆማለች።

«አንጓች፣ ነክተሻታል?»

«እኔን ከቋ ጋር ምን አገናኘኝ?»

«እንግዲያ ድመቷ ናት» አለ።

እቤታቸው ድመት አለች? የለችም!

በማግስቱ ወደ ግራ መለሳት። ዓይኑ እያየ «ቋ!» ብላ መሃል ገባች። «ላልታለች፣ ጠበቅ ላድርጋት» አለ። ሰው ማመን ካልፈለገ ምን የማይለው አለ?

ሁለተኛው ድምፅ ነው። ይመኑ ሬዲዮኑን ከፍቶ ማዶ ለማዶ ሲያዳምጥ፣ በሰማይ ጩኸት መሃል፣ ሽሽሽሽ ከሚለው መሃል፣ አንድ ጉንፋን እንደያዘው ሰው የታፈነ ድምፅ መጣ።

«ሽሽሽ… አፈር አልብሰ… ሽሽሽ… ተቀበል።»

የጥላዬ ድምፅ! አያችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚች ላይ ነው። «አልብሰ…» አለና የመጨረሻዋን ፊደል የሰማዩ ጩኸት ዋጣት። ያቺ ፊደል ማን ናት? እስቲ እናንተው ፍረዱ። የሞተ ሰው በጨለማ «አፈር አልብሰ…» ሲላችሁ፣ በየትኛዋ ፊደል ነው የምትጨርሱለት? «ኝ» አትሉም? ይመኑም «ኝ» አለ። አፈር አልብሰኝ! ሳታለብሰኝ ሮጠሃል፤ ና፣ አልብሰኝ!

ድምፁ «ተቀበል» ብሎ ይጠብቃል። ይመኑ ይመልስለት? ሬዲዮኑን አጥፍቶ አልጋ ሥር ገባ። አንጓች «ምን ሆነሃል?» ስትለው «መርፌ ወድቆብኝ ነው» አላት። መርፌውን እስኪነጋ ፈለገው።

ተቀበሉ!

እንግዲህ ወደዚያ ባዶ መንገድ እንመለስ። ነሐሴ ነው። ለዓይን ያዝ አድርጓል። ይመኑ ባትሪውን አዝሎ መቃብሩ ጋ ደርሷል። ቀና ሲል ኮረብታው ላይ የምሰሶዎቹ ጫፍ ሰማያዊ ነበልባል አውጥቷል። ዝናቡ እየመታው የማይጠፋ ነበልባል! አየሩ በምላስ ይቀመሳል፤ ብረት ብረት ይላል። የክንዱ ጠጉር ቆመ።

ከኋላው ኮቴ ሰማ። ኧረ ተዉት፣ ኮቴስ በሆነ! ኮቴ የሌለው አካሄድ ሰማ። ካፖርት ሲወዛወዝ ይሰማል፤ እግር ሲረግጥ አይሰማም። ይመኑ ቆመ፤ እሱም ቆመ። ይመኑ ሄደ፤ እሱም ተከተለ። ከዚያ ጀርባው ላይ ያለው ባትሪ ቀለለው። ለምን ቀለለው? አንድ ሰው ከኋላ ከፍ አድርጎ ያዘለት!

ቀስ ብሎ ዞረ።

ጥላዬ ነው። የወታደር ካፖርቱ ጫፍ ይጨሳል። ጠጉሩ እንደ ጃርት ቆሟል። እጁ ላይ ገመዱ የተበጠሰ ማይክራፎን ይዟል። እግሩስ? እግሩ መሬት አይነካም! ስንዝር ታህል ከፍ ብሎ ተንሳፏል፤ ሲሞት መሬት አላገኘማ!

ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና «ይመኑ! አፈር አልብሰ…»

ጓ! ነጎድጓድ።

«…ተቀበል» አለ ጥላዬ።

አሁንም ያቺ ፊደል ተዋጠች! ይመኑ ባትሪውን ጣለ። ጋቢውን ጣለ። አንድ እግር ጫማውን ጣለ። ያን ዳገት ሽቅብ ሲሮጥ የቆርቆሮው ቤት እሱን ፈርታ የምትሸሽ ይመስል ነበር። የዚያን ዕለት ሃምሳ አለቃ ይመኑ አመነ።

ጥላዬ ምስኪን ምን ያድርግ? ደንብ ደንብ ነው። መልስ ካልመጣ ቀጣዩን አይናገርም። ማይክራፎኑን እንደያዘ፣ ባትሪውን እንዳቀፈ፣ ዝናብ እየወረደበት መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ሲነጋ ይመኑ እያለቀሰ ለአንጓች ነገራት። የውነቱን ነው ያለቀሰው። ጥላዬን ይወደዋል፤ ከወንድም በላይ ይወደዋል። «አፈር ሳላለብሰው የሮጥኩ እኔ ነኝ። አላርፍ ያለው በእኔ ነው» አለ። አንጓች የመንደሩን ቄስ አባ ሙላውን አስጠራች። አባ ሙላው ጺማቸውን እያሻሹ አሰቡ።

«የጎደለ ካለ መሙላት ነው እንጂ ሌላ ምን መላ አለው?» አሉ።

ሞሏ! ያን ቀን ሙሉ አፈር በቅርጫት ተሸክመው ጥላዬ መቃብር ላይ አፈሰሱ። ይመኑ እያነባ ያፈሳል፣ አንጓች ትከተላለች፣ አባ ሙላው «ጨምሩ፣ ጨምሩ፣ አትሰስቱለት» ይላሉ። መቃብሩ ጉብታ ሆነ። ጉብታው ጋራ ሆነ። ፍየል ወጣበት። «እንግዲህ ነፍሱን ይማር፣ አሁንስ ያርፋል» ብለው ወደየቤታቸው ገቡ።

ያረፈ ይመስላችኋል?

ቀኑ ሲመሽ ደመናው ከማዶ ተነሣ፤ ጥቁር፣ ሆዱ የተነፋ ደመና። ቤት ውስጥ ይመኑ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። አንጓች ቀይ ሻሿን አስራ፣ በርጩማዋ ላይ፣ ማሰሮዋ ጎን ጥጥ ትፈትላለች። ቋ መሃል ላይ ናት። ሁሉ ደህና ነው። «ጥላዬም ዐረፈ፣ እኛም ዐረፍን» አለ ይመኑ።

በሩ ተከፈተ።

ጥላዬ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከራሱ እስከ እግሩ አፈር ነው። ከጆሮው አፈር፣ ከካፖርቱ ኪስ አፈር። አስነጠሰው፤ ከአፍንጫው አፈር። ባትሪውን በሩ ሥር አስቀመጠና ደረቱን ይዞ እያቃሰተ፣ ለአንዴ ንዴት ደንቡን አስረስቶት፣ ማይክራፎኑን አነሣ።

«አንተ ይመኑ! ለሞተ ሰው አፈሩን ገለባ ያድርግለት ይባላል! ገለባ! አንተ ደረቴ ላይ ጋራ ትጭንብኛለህ? ፍየል ሳይቀር አስወጣህብኝ! ተቀበል!»

ይመኑ የት ነው? አልጋ ሥር! መርፌ እየፈለገ!

ጥላዬ መልስ ይጠብቃል። ሰማዩ ከሩቅ ያጉረመርማል። ጥላዬ ወደ በሩ ያያል፣ ወደ ማሰሮዋ ያያል፣ ወደ አንጓች ያያል፤ መናገር እየፈለገ ደንቡ አፉን ይዞታል። ሰማዩ ቀረብ ብሎ አጉረመረመ።

አንጓች ፈርታለች። ግን ባሏ በዚያ ሬዲዮ ሲለፈልፍ ስንት ዘመን ሰምታለች! ደግሞስ እንግዳ ቤት ገብቶ፣ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ ዝም ይባላል? ነውር አይደለም?

«ተቀብለናል!» ብላ ጮኸች። «ቀጥል አንተ ጥላዬ! ተቀበል!»

ኧረ እናንተ! የጥላዬ ዓይን እንባ ሞላ። ከሞተ ወዲህ የመለሰለት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ አንጓች። ይህ ባልዎ ፊደል አይለይም። ‹ኝ› አላልኩም፤ ‹ው› ነው ያልኩት። ‹ው›! አልብሰኝ አይደለም፣ አልብሰው! ዘንጉን አፈር አልብሰው! ተቀበል!»

ከአልጋ ሥር ድምፅ መጣ። «ዘንጉማ ለብሷል! ማሰሮ ውስጥ ነው! ተቀበል!»

ጥላዬ ማሰሮዋን አየ። ጤና አዳሙን አየ። ሙት ቀለሙ ሲገረጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገረጣ።

«ቋን መሃል እያደረግሁ ስደክም የከረምኩት መብረቁን ትንሽም ቢሆን ወደ አፈር እልከው ብዬ ነው። ለካ ወደ ድስት ነው የምልከው! ስማ ይመኑ። ዛሬ ይመጣል፣ ሰማይ ቤት ወሬው ተሰምቷል። በሽቦው ወርዶ ምድርን ሲፈልግ ማሰሮ ያገኛል። ማሰሮ አይበቃውም። ከማሰሮው ወዴት የሚዘል ይመስልሃል? ጎኑ የተቀመጠው ማን ነው? ተቀበል።»

ጎኑ የተቀመጠው ማን ነው? ንገሩኝ እንጂ!

አልጋው ከመሬት ተነሣ። ይመኑ ቀስ ብሎ መውጣት አልሆነለትም፤ አልጋውን በጀርባው ተሸክሞ ነው የወጣው። መንፈስ ፈርቶ የገባው ሰው ለአንጓች ሲል ወጣ። እሷ «ተቀብለናል!» እያለች እጇን ይዞ ከበርጩማዋ ሳባት፣ ቀይ ሻሿን ከራሷ ላይ መነጨቀ፤ ቀይ ቀለም መብረቅን ይጠራል ይባላላ! ዶማውን አንሥቶ ወደ ደጅ ሮጠ። ደጅ ሲደርስ ግን ቆመ። የት ይቆፍር? ሁሉ አለት ነው። ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ ጎመኑ መደብ ሄደ። ከዚያ ወደ አንጓች ሄደ። ዶማ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«እትዬ አንጓች» አለ ጥላዬ በትሕትና፣ «ርጥብ አፈር ያለው እዚያ ብቻ ነው።»

አንጓች ጎመኗን አየች። ያን የመሰለ ጎመን! ቅጠሉ ጃንጥላ ያህላል። ከንፈሯን ነከሰች። ደመናው አጉረመረመ።

«ጎመን በጤና ነው የሚባለው» አለች። «ጤናው ከሌለ ጎመኑ ለማን ነው? ቆፍር አንተ ሰውዬ!»

ይመኑ ቆፈረ። አንጓች ጤና አዳሙን ነቅላ ዘንጉን ከማሰሮው አወጣች። ዘንጉን በድንጋይ እየመታ ከነቁመቱ አፈር ውስጥ አሰመጠው። ጥላዬ ከላይ ተንሳፎ ያዝዛል። «ሽቦውን አታጠማዝዘው! መብረቅ ቸኩሎ ነው የሚመጣው፣ ዙሪያ ጥምጥም አይወድም! የምሰሶዎቹንም አምጣ! የሬዲዮኑንም አምጣ! ሁሉንም እዚችው ዘንግ ላይ አንድ ላይ እሰር!»

«የሬዲዮኑን ለብቻው ብቀብረውስ?» አለ ይመኑ።

ጥላዬ ወደ ማዶ፣ ወደ ቤቱ አየ። ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገ።

«እኔን የገደለኝ እሱ ነው» አለ። «የሳጥኑን ሽቦ ለብቻ፣ የሬዲዮኑን ለብቻ ቀበርኩ። መብረቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ሲል መሃል ላይ ያገኘው እኔን ነው። ብቻውን የሚሄድ ሽቦ አይኑር፣ ወንድሜ። ተቀበል።»

«ተቀብያለሁ» አለ ይመኑ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንቡ መለሰለት። «ተቀብያለሁ፣ ጥላዬ።»

አሰረው። አጠበቀው። አፈር አለበሰው። ባልና ሚስት ተያይዘው ቤት ገቡ፣ ከሳጥኗም ከሬዲዮኑም ርቀው ጥግ ላይ ተቃቀፉ።

ቧ!

ቤቱ ነጭ ሆነ። ቆርቆሮው ዘፈነ። ምድር ከሥር ጉርምርም አለች። ከዚያ ጸጥ። ይመኑ ሚስቱን ዳበሳት፤ አለች። ሚስቱም ዳበሰችው፤ አለ። በበሩ ሲያዩ ጥላዬ ደጅ ቆሟል። ቆሟል አልኩ፣ ልብ በሉ! እግሩ መሬት ነክቷል። ጭቃው ላይ የጫማው ምልክት ወጥቷል። ጠጉሩም ተኝቷል። ፈገግ አለና «ጨርሻለሁ» ብሎ እንደ ጭስ ተበተነ።

ጎመኑስ? ከመደቡ ላይ እንፋሎት ይወጣል። አንጓች ሄዳ አንድ ቅጠል ቆርጣ ቀመሰች፤ በስሏል።

«ጨው ይጎድለዋል» አለች።

ተቀበሉ!

እንግዲህ ብቻችሁን አትሂዱ ይባላል። እውነት ነው። ሰውም ብቻውን አይሂድ፣ ሽቦም ብቻውን አይሂድ። ጥላዬ ለዚያ ቤት ዐረፈ እንጂ ለሌላው አላረፈም ይላሉ። በክረምት፣ ልክ እንደዛሬው ሲያጉረመርም፣ አፈር ያልለበሰ ሽቦ ካለበት ቤት ይመጣል አሉ። መጀመሪያ አየሩ ብረት ብረት ይላል።

ውብሸት፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው የጣሪያችንን አንቴና የሰቀልከው አንተ ነህ አይደል? ከአንቴናው በዚች ባለ እጀታ አሮጌ ሳጥን በኩል የሚወርደውን ሽቦ አፈር አልብሰው ብዬህ ነበር። «መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ግን መላ አግኝቼለታለሁ» አልከኝ። ምን ነበር መላው? የት ነው የከተትከው?

ለምንድን ነው ማሰሮዋን የምትዳብሳት?

ያቺ ማሰሮ የማን እንደነበረች ታውቃለህ? አሽትታት እስቲ። አሁንም ጤና አዳም ጤና አዳም አትልም?

ዝም በሉ። ሰማችሁ?

ቋ!

እኔ አይደለሁም። እጄ ይኸውላችሁ፣ ጭኔ ላይ ነው። በሩን የከፈተው ማን ነው? ውብሸት፣ ወደ ኋላህ አትዙር! ቆሞ እየጠበቀህ ነው፤ ካልመለስክለት አይሄድም። ማሰሮዋን ልቀቅና «ተቀብያለሁ» በለው እንጂ!